ውስጡን ለባሕር

ከፔራማ ዳርቻ፣ ሰላሚስን አይታ፣
መርከቧ ቆማለች ከውኃ ወጥታ።
ቀለሟ የትናንት ነው፤ ቀይ ነው፣ ያበራል፤
ወኪሉ ፈገግ ብሎ ጎኗን መታ ያደርጋል፤
«ገና ልጅ ናት» ይላል።
እኔ ግን ባትሪዬን ግንባሬ ላይ አስሬ፣
መዶሻዬን ይዤ፣ ጠመኔ ቋጥሬ፣
በሰው ትከሻ ልክ በተቆረጠ በር
ሆዷ ውስጥ ገባሁኝ። ውስጡን ለባሕር።

እዚህ ቀን አይገባም። እዚህ የሚሸተው
የቆየ ደለል ነው፣ የሰነበተ ጨው ነው።
ጭነት በሌላት ቀን፣ ሚዛን እንዳትስት፣
ባሕሩን ራሱን የምትጠጣበት
ጋን ነው ይሄ ክፍል። ስትጭን ትተፋዋለች፣
ባዶዋን ስትሆን ደግሞ ትጋተዋለች፤
ሃያ ሁለት ዓመት እንዲህ ኖራለች።

መለኪያዬን ጣልሁኝ፤ ድምፅ ልኬ ሰማሁ፤
አሥራ አራት፣ አሥራ አራት ተኩል፣ ብዬ ጻፍሁ።
ስትወለድ አሥራ ስድስት ሚሊሜትር ነበረች፤
ለዕድሜዋ አልከፋችም፣ እምብዛም አልሳሳች።
ኋላ፣ ከወለሉ፣ ከማዕዘኗ ሥር፣
አንዲት እብጠት አየሁ፣ የምታህል ምስር።
በጥፍሬ ፈቀፈቅኋት፤ ረገፈ ቅርፊቱ፤
ጥቁር ውኃ አነባች፤ ተከፈተ ቤቱ፤
አፉ ጠባብ ሆኖ ሰፊ ነው አንጀቱ።
መርፌውን ሰደድሁት፦ ዘጠኝ። ዘጠኝ ሙሉ።
ዙሪያዋን ዳበስሁኝ፦ ሌላ፣ ደግሞ ሌላ፤
ፈንጣጣ ያለፈበት ፊት ይመስላል ሁሉ፤
ላዩ ደኅና መስሎ፣ ነቀዝ የበላው ባቄላ።

ዝገት ሁሉ አንድ አይደል። እንደ እርጅና ያለው
ገጹን እኩል ልጦ ቀስ ብሎ ነው የሚበላው፤
እሱን እንችላለን፣ በቁጥር፣ በዕድሜ።
ይሄኛው ግን ሌላ ነው፤ ይሄ ነው ሕመሜ፤
ሰፊው ብረት ሁሉ ደኅና ሆኖ ሊያድር
ያቺን ጠብታ ቦታ ያስበላል ለባሕር፤
አንዷ ስትቦረቦር ጎረቤቷ ይድናል፤
ያ ሁሉ ጤንነት በሷ ሥጋ ይኖራል።

ወኪሉ ስኩርቲስ ከላይ አጎንብሶ
«አማካዩ ስንት ነው?» አለኝ ተለሳልሶ።
«አሥራ ሦስት ከምናምን።» «ታዲያ ምን ጎደለ?
ሕጉ ይፈቅዳል'ኮ፤ ጻፊና እንሂድ» አለ።

አማካይ ምን ያውቃል? አማካይ አይዋኝም።
አማካይ በሌሊት ከታችኛው አልጋ አይተኛም።
ጉልበት በብረት ውስጥ እንደ ሕዝብ ነው የሚሄድ፤
ሜዳው ሰፊ ሲሆን አይጋፋም በመንገድ፤
ጉድጓድ ሲገጥመው ግን በጠርዙ ይጋፋል፤
ሁሉም በዚያች ከንፈር ተጨናንቆ ያልፋል።
ማዕበል ሆዷን ገፍቶ ያነሣል፣ ይጥላል፤
ወገቧ ይጎብጣል፣ መልሶ ይቃናል፤
አንድ ጊዜ አይደለም፤ በቀን ስንት ሺህ ጊዜ።
ከዚያች ከንፈር ይነሣል፣ ከፀጉር የቀጠነ፣
ስንጥቅ።
ድምፅ የለውም።
ሻይ እየጠጡ ነው ሰዎቹ፣ ከላይ።

አንድ ጊዜ ጽፌያለሁ። ደክሞኝ ነበር። ዓርብ ነበር።
አማካዩን ሞልቼ፣ ፈርሜ፣ ወጣሁ ወደ ባር።
በጥር፣ በቢስኬይ፣ የዚያችኛዋ መርከብ
ወለሏ ተቀደደ።
ሃያ ሰው አወጡ፣ በጀልባም በገመድም፤
አንድ ቀረ፤ ወጥ ቤቱ፣ ሮዴል፣ የኢሎኢሎ ሰው።
ዳቦ ሊጋግር ሌሊት የሚነሣው እሱ ነበር አሉ።
ማንም አልጠየቀኝ። ቁጥሬ ትክክል ነበር።
እሱ ነው የሚያመኝ፤ ትክክል መሆኑ።

ስለዚህ ዛሬ ጠመኔዬን አወጣሁ፤
በእያንዳንዷ ጉድጓድ ዙሪያ ነጭ ክብ ሣልሁ።
መቶ አሥር። መቶ አሥራ አንድ። ጉልበቴ ጨው ጠጣ።
ስኩርቲስ ጮኸብኝ፤ ስልክ ደውሎ ተቆጣ፤
«ዚኖቪያ፣ በእያንዳንዱ ቀን ስንት ብር እንደሚወጣ!...»
ደረጃውን ረግጦ፣ ተሳድቦ፣ ሄደ፤
ከቀዳዳው በኩል ያለው ብርሃን ወረደ።

አባቴ በያጅ ነበር፣ በዚሁ ዳርቻ፤
«ብረት አይዋሽም» ይል ነበር፣ ይኸን ብቻ።
ይዋሻል፣ አባዬ። በፊቱ ይዋሻል።
ጣት ካልከተቱበት ዕድሜውን ይሸሽጋል።

ሦስት መቶ ሦስት።
ሦስት መቶ አራት።
ጠመኔው አለቀ።
በጥፍሬ ቀጠልሁ።