ርክክብ

ጎንደር ሳለሁ መጋዘን ነበር እንጀራዬ፤
ቁልፍ በወገቤ፣ እርሳስ ከጆሮዬ፣
ገቢው በሞዴል ዐሥራ ዘጠኝ፣ ወጪው በሃያ ሁለት፤
ሰው ቢምል ቢገዘት፣ እኔ የማምነው ፊርማ ያለበት።

ዛሬ ፓርዴስ ሐና፣ ከብርቱካኑ አጥር ማዶ፣
ክኒን ቆጥሮ፣ ሾርባ አብርዶ
የሚያቀርብ ሰው ነኝ። ሌንትየ ትባላለች፤
ሰማንያ ስድስት ሞልቷት በዶሚኖ ታሸንፈኛለች፤
ዕብራይስጧ እንደ ወንዝ ነው፣ ሳይገታ ይወርዳል፤
የእኔ ከድንጋይ ድንጋይ ይዘላል።

አንድ ሐሙስ ቧንቧ ፈንድቶ ቁም ሣጥኑን ስንገፋ
ብስኩት የነበረበት ቆርቆሮ ከጀርባው ተደፋ።
አራት ጊዜ የታጠፈ ወረቀት፣ እጥፋቱ ሊበጠስ የደረሰ፣
እንደ ሽንኩርት ልጣጭ የሳሳ፣ ጠርዙን ዝገት የቀመሰ።
ጠረጴዛው ላይ ዘረጋችው። አየሁት።
ቋንቋውን አላውቀውም። ሠንጠረዡን ግን ዐወቅሁት።

ተራ ቁጥር። የዕቃው ዓይነት። ብዛት። ምርመራ።
ከግርጌ የአስረካቢና የተረካቢ ስም፣ ጎን ለጎን፣ በአንድ ተራ።

«እናቴ ናት የጻፈችው፤ ዊንስሆተን፣ በፈረንጆች አርባ ሁለት፣
መጥሪያው በመጣ ማግስት፣ ኩሽና ቁጭ ብላ፣ በሌሊት።
የተረከበችን ትራይን ናት፣ የአጥር ጎረቤታችን።»
መነጽሯን አድርጋ ታነብልኝ ጀመር፦

የስፌት መኪና፣ ከነመርገጫው፣ አንድ።
የብር ማንኪያ፣ ዐሥራ አንድ። ዐሥራ ሁለተኛው ድሮም የለም።
የግድግዳ ሰዓት፣ አንድ። በቀን ሰባት ደቂቃ ይዘገያል፤ አትምቱት።
ብርድ ልብስ፣ የበግ ጠጉር፣ ሦስት።
የሰንበት መቅረዝ፣ ጥንድ። በድንች ጆንያ ውስጥ።

ድምፅዋ አልተለወጠም፤ ጣቷ ብቻ ወረደ፦

ሴት ልጅ፣ አንድ። ዕድሜ፣ አራት።
ምርመራ፦ ወተቱ ስልባቦት ካለው አትጠጣም።
መብራት ከማጥፋታችሁ በፊት ንገሯት።

በሦስት ዓመቱ አባቷ ብቻውን መጣ፤
እርሳስ ለምኖ፣ ደጃፍ ቆሞ፣ ከላይ ወደ ታች ጭረት አወጣ።
የስፌት መኪናው ለዱቄት ተሸጧል።
ማንኪያ ዘጠኝ። ሰዓቱ ቆሟል፣ ግን አለ።
«ሴት ልጅ» ከሚለው ጎን ጭረቱ
ወረቀቱን ሊበሳው ምንም አልቀረው።

«ሰውየውን አላወቅሁትም፤ ትራይን ሽርጥ ውስጥ ተሸሸግሁ፤
ወጪ ስሆን አልቅሼ ነበር፤ ገቢ ስሆን ደግሞ ጮኽሁ።»

ከዚያ መርከብ። ከዚያ ይህ አሸዋ፣
ዝናብ የሚያሾልክ ድንኳን፣ አባት ዶሮ ሊያረባ ሲንደፋደፍ፤
የቆመውን ሰዓት ምሰሶው ላይ ሰቀለው፣
እስኪሞት አላስጠገነውም።

ከሁሉ በታች፣ በሌላ ቀለም፣ በሌላ እጅ፣
ብዙ ጽፎ የማያውቅ ሰው በጣላቸው ትልልቅ ፊደላት፣
ትራይን የጨመረችው አለ፦
«ልጅቷ አሁን ስልባቦቱንም ትጠጣለች። ጨለማውን ግን አደራ።»

ሃያ ሁለት ዓመት ቅጽ ሞልቻለሁ፤
ለአደራ የሚሆን ዐምድ አላየሁም።

የልጅ ልጇ ሙዚየም እንስጠው ይላል፤
«ሒሳቡ ሳይዘጋ?» ትለዋለች።
ወደ እኔ ዞራ፣ «አንተ የዕቃ ሰው ነህ፤ ይህ ይዘጋል?» አለች።
ከግርጌ ፈለግሁ፦ አስረካቢ፣ ቤትየ ፖላክ። ፊርማዋ ከነጅራቱ አለ፤
መልሳ ልትረከብ የሚገባት እሷ ነበረች።
«አይዘጋም» አልኋት። ደስ ያላት መሰለ።

(የእኔም መጋዘን ቁልፍ እዚሁ አገር መሳቢያዬ ውስጥ ተኝቷል፤
የማስረክበው ሰው ጠፍቶኝ።)

ማታ ጫማዋን አወለቅሁ፣ ብርጭቆዋን አጠብሁ፣
እጄን ወደ ግድግዳው ሰደድሁ፤
እንደ ልማዴ ዝም ብዬ ልጫነው ነበር።
«ሌንትየ» አልሁ፣ «መብራቱን ላጠፋው ነው።»

ቆየች።
«እሺ» አለች፤ «አሁን አጥፋው።»