ደረሰኝ

ትብሊሲ የገባሁት ማታ ነው፤ ሻንጣዬ እጀታው ሁለት፣ ጎማው አንድ፤
በኪሴ የአራት ቀን አበል፣ በልቤ የቁጠባ መንገድ።
«ታክሲ ያዝ» ብሎኛል አለቃዬ፣ «ደረሰኝ መያዝ አትርሳ፤
ያለ ደረሰኝ ያወጣኸው ከራስህ ኪስ ነው የሚነሳ።»

ከበሩ ውጭ ተኮልኩለው ሹፌሮች ቁልፍ ያሽከረክራሉ፤
«ታክሲ! ታክሲ! ወዳጄ!» እያሉ ሻንጣዬን በዓይን ይመዝናሉ።
አንዱ ጉራም ይባላል፤ ፂሙ የሦስት ቀን፣ ጥርሱ ወርቅ፤
ስልሳ ላሪ አለኝ። ሳልኩ። ሃምሳ አለኝ። አልኩት፦ «ልጠይቅ።»
ጥግ ላይ አንድ ሚኒባስ ቆሟል፣ የፊት መብራቱ ደክሞ፤
አንዲት ላሪ ብቻ። ሃምሳ ሲቀነስ አንድ፤ አርባ ዘጠኙ ታየኝ ለምልሞ።
ስስት ይሉሃል ይኼ ነው፤ እኔ ግን ጥበብ አልኩት፤
ጉራምን ትቼ ሻንጣዬን በአንድ ጎማ ጎተትኩት።

ውስጡ እንደኛው ነው፣ ጉልበት ለጉልበት፤ ረዳት ግን የለም ከበሩ፤
ሂሳብ ከኋላ ይነሳና በእጅ በእጅ ሄዶ ሹፌሩ
ዘንድ ይደርሳል፤ መልሱም እንዲሁ ተቀባብሎት ይመጣል፤
አንዲት ሳንቲም ሳትጎድል። (ኦዲተር ነኝ፤ ዓይኔ ይቆጥራል።)
ቤተ ክርስቲያን ስናልፍ ደግሞ መኪናው በሙሉ ያማትባል፤
የተኛው ይነቃል፤ በስልክ የሚጨቃጨቀው ፋታ ይሰጣል፤
ሹፌሩ መሪውን ለቆ አማተበ፤ ሦስቴ፤ ቁልቁለት ላይ፤
እኔም አማተብኩ፤ ከእምነት ይሁን ከፍርሃት ሳልለይ።

መውረጃዬ አለፈ። አየሁት፤ የሆቴሉ ቀይ መብራት ነው፤
አፌን ከፈትኩ። «ቁም» የሚባለው እዚህ አገር በምንድነው?
ሁለተኛው ፌርማታ አለፈ፤ ሦስተኛው፤ ድልድይ ተሻገርን፤
መብራት እየሳሳ ሄደ፤ እኔና አንድ ሦስት ሰው ቀረን።
ያኔ ነው ሳላስበው ያመለጠኝ፣ ጮክ ብሎ፣ አፌ እንደለመደ፦
«ወራጅ አለ!»
          መኪናው ውስጥ ዝምታ ወረደ።

ከፊቴ የነበሩት ባልቴት ዞሩ፤ ዘንቢላቸው ሮማን የሞላ፤
እኔን አዩ፤ ሻንጣዬን አዩ፤ ሳቃቸው መጣ ቆይቶ ኋላ፤
«ጋሚቸሬት!» ብለው ጮኹልኝ፤ ድምፃቸው የእልፍኝ አስከልካይ፤
ሹፌሩ ፍሬን ረገጠ፤ ሮማኑ ተበተነ ወለል ላይ።
ተንበርክኬ ለቀምኩ፤ አሥራ አንድ፤ አሥራ ሁለተኛው ጠፋ።
«ኤቴሪ» አሉ ደረታቸውን ነክተው፤ እኔም ስሜን በይፋ
ነገርኳቸው፤ ሁለቴ ደገሙት፤ ሁለቴም ሌላ ሰው ሆንኩ፤
አንድ ሮማን ኪሴ ከተው አወረዱኝ፤ ዳገቱን ሽቅብ ተያያዝኩ።

አርባ ዘጠኝ ላሪ አትርፌ ሁለት ሰዓት ከሰርኩ ማለት ነው፤
ይኼን በየትኛው አምድ ላስገባው? በየትኛው ሚዛን ላወራርደው?

ከዚያ ወዲያ በዚያው መስመር ሄድኩ፤ ቃሏን ምላሴ ሥር ቋጥሬ፤
«ጋሚቸሬት!» እላለሁ፤ ይቆማል፤ እወርዳለሁ፣ ደረቴን ወጥሬ።
አንድ ቀንማ ያለ ቦታዬ ወረድኩ፣ ቃሏን ለመጥራት ብቻ።

የመጨረሻው ለት ግን፣ ከሌሊቱ ዘጠኝ ሰዓት፣ ዝናብ፤
ሚኒባስ የለም፣ ሰው የለም፤ ሆዴም ታሟል፤ ቀረ ሂሳብ።
ታክሲ ጠራሁ። ማን ቢመጣ? ወርቅ ጥርሱን በመስኮት አየሁ፤
ጉራም። «ሃምሳ» አለኝ። «ስልሳ» አልኩት፤ ለምን እንዳልኩ ዛሬም አላወቅሁ።

መስታወቱ ላይ ጊዮርጊስ፣ በፈረሱ፣ ዘንዶው ከእግሩ ሥር፤
«ይኼንን አውቀዋለሁ» አልኩት በጣቴ፤ ጀመረ መናገር፤
በራሱ ቋንቋ፣ ሳያቋርጥ፤ ስለ ልጁ ይሆናል፤ ስለ ጉልበቱ፤
አንዳንዴ መሪውን ይመታል፤ አንዳንዴ ይጠፋል ድምፀቱ።
ሚኒባሱ ውስጥ ሃያ ሰው ነበር፤ ከአንዲት በቀር ማንም አላወራኝ፤
እዚህ አንድ ሰው ብቻ ነበር፤ የሃያ ሰው ነገር ነገረኝ።

ስንደርስ «ደረሰኝ» አልኩት፣ አየር ላይ በጣቴ ጽፌ፤
ከሲጋራ ፓኮው ቀደደና ጻፈልኝ፤ ተቀበልኩ አጣጥፌ።

ከደመናው በላይ ቅጹን አወጣሁ። «መጓጓዣ» ይላል አንዱ መስመር።
ወረቀቱን ዘረጋሁ፤ ስልሳ የሚል ቁጥር፤ ከሥሩ አራት ረድፍ ነገር፤
መንጠቆ መንጠቆ የሚመስል ፊደል።
ስድብ ይሆን? ምርቃት? የልጁ ስም?
ሮማኑ ኪሴ ውስጥ ነበር፤ ልጣጩ ደርቋል፤ ገና አልቆረስኩትም።

«ጠረጴዛውን ይመልሱት፣ ልናርፍ ነው» አለችኝ አስተናጋጇ።