ቀለም የዘለቃቸው

ሴንጎዳን ነካሪ ነው፤ አርባ ዓመት በቲሩፑር፣
ከፈላ በርሜል አጠገብ፣ ከእንፋሎት ጋር ሲማከር፣
አንድ ነገር ነው ኩራቱ፣ አንድ ቃል ነው የሚያኮራው፦
«አይለቅም» ይላል፣ «አይለቅም፣ የኔ እጅ የነከረው።»

ስንቱን ሸሚዝ ቀልሞ ልኮ፣ የማያውቀውን አለበሰ፤
ትራፊው ግን በስተጓሮ፣ በቦይ ወደ ኖያል ፈሰሰ።
የከርሞውን ፋሽን እኛ፣ ከወንዙ ነው የምናየው፤
አምና አረንጓዴ ነበረ፤ ዘንድሮ ወይን ጠጅ ነው።
ኮኮናት የሰበረ ጎረቤት፣ ውስጡን አይቶ ዝም አለ።

በዚያው ደሞዝ ልጁ ተማረች፤ አላሜሉ ቀለም ቆጠረች፤
ዛሬ ከላብራቶሪው ጣሪያ፣ የብርጭቆ ሳህን ዘረጋች።
ከቦዩ አፍ የቀዳችው፣ ወይን ጠጅ የሆነ ውሃ፤
ነጭ ዱቄት ነሰነሰችበት፣ ቆጥባ፣ እንደ ጨው በቤተ ድሃ።

«ምንድን ነው?» አላት አባቷ።

«ቲታኒየም የሚሉት ነው፤ ከቀለም ሱቅ የመጣ፣
ግድግዳ የሚነጣበት፤ ብቻውን ምንም አያመጣ።
ፀሐይ ስትነካው ግን ይነቃል፤ ውሃውን ያስቆጣል፤
የተቆጣው ውሃ ደግሞ፣ የቀለሙን ሰንሰለት ይቆርጣል።
እሱ እንደ ሽማግሌ ነው፤ የሰው ነገር ጨርሶ፣
ሳይጎድልበት፣ ሳይጨመርለት፣ ይገባል ቤቱ ተመልሶ።»

ሴንጎዳን ጥላ ሳይፈልግ ተቀመጠ።
ወይን ጠጁ ሮዝ ሆነ፤
ሮዙ የሻይ እጣቢ መሰለ፤
ከቀትር በኋላ ከሳህኑ ስር፣
የጣሪያው ስንጥቅ ታየ።

«የት ሄደ?»

«ተበተነ። ትንፋሽና ውሃ ሆነ።
የቀረ ካለ ገና እለካለሁ፤
ቀለሙ ስለጠፋ ብቻ፣ ጠራ አልልም።»

«እኔ እንዳይለቅ ስደክም ኖሬ፣
አንቺ እንዲለቅ ተማርሽ?» አላት።
ሳቀ። ሳቁ መሐል ላይ ቆመ።
ሁለቱንም ቀለም ዘልቋቸዋል፤
እሷን ከራሷ ገብቶ፣
እሱን ከጥፍሩ ስር ቀርቶ።

ባለ ፋብሪካው ዋጋውን ጠይቆ፣ «እናስብበት» ብሎ ሄዷል።
ዝናቡ ሊገባ ነው፤ ደመናው ከምዕራብ ተቆልሏል።
ማታ ፀሐይ ስትጠልቅ ደግሞ፣ ዱቄቱም አብሮ ይተኛል፤
ያኔ በቦዩ በኩል፣ በጨለማ፣ የሚንሿሿ ይሰማል።

የጠራው አንድ ሳህን ነው።

ሴንጎዳን ሊወርድ ሲል፣
ቀኝ እጁን ሳህኑ ውስጥ ነከረ፤
ከልማድ ይሁን ከተስፋ፣ አላሜሉም አልጠየቀች።
አውጥቶ አየው፤
እንደ ነበረ ነበረ።