የበልጉ ከረጢት

ሁለት ከረጢት ለውዝ ከግራና መጣ፤
አንዱ የመኸር ነው፣ አንዱ በበልግ የወጣ።
አፈር አለበት፣ ገለባም አለበት፤
በእርሳስ ተጽፏል፦ «ከጦይባ አመዴ ቤት»።

እኔ ሥራዬ ነው፤ እልጣለሁ፣ እፈጫለሁ፣
ዘይቱን ከዱቄቱ በእሳት እለያለሁ፣
የቀረውን ደግሞ፣ ገንቢውን ፈልጌ
ቁጥር እጽፋለሁ መነጽሬን አድርጌ።

የመኸሩ ፍሬ ድንቡሽቡሽ ያለ ነው፤
ከመቶው ግማሹ፣ ጥቂት ቢጎድል ነው፣
ዘይት ሆኖ ወጣ።
የበልጉ ቀጫጫ፣ የተጨማደደ፣
ዝናብ ቃል ሰጥቶት ሚያዝያ ላይ የካደ።
ዘይቱ አንሶ ቢገኝ ገንቢው ግን በለጠ፤
ሁለቴ ደገምኩት፣ ቁጥሩ አልተለወጠ።

«የመኸሩ ይሻላል፣ ለዘይት መጭመቂያ»
ብዬ ጽፌ ዘጋሁ። ይኸው ማጠቃለያ።

ወረቀቱን ይዤ በሐምሌ ወረድኩ፤
መርሳ ላይ ከመኪና፣ ከዚያ በእግሬ ሄድኩ።
ጦይባ ሰሌን አንጥፋ በልግ ያፈራውን
ታገላብጣለች፣ እያየች ሰማዩን።
ጠብ ሲል ጠቀለለች።
«ከረጠበ ይሻግታል፤ የሻገተ ፍሬ
ለልጅ አይሰጥም» አለች። ተሸከምኩ አብሬ።

አልጋ ሥር ዘረጋን።
ቁጥሩን ከላይ እስከ ታች አነበብኩላት፤
ስትሰማኝ ቆየችና ሳቅ አመለጣት።

«ኅዳር ላይ ምን ጠፍቶ! ጤፉም ይታጨዳል፣
የመኸሩ ለውዝ ለነጋዴ ይሄዳል፤
ጨው ሆኖ፣ ደብተር ሆኖ፣ ሳሙና ሆኖ ይመጣል።
የበልጉ ግን ዛሬ ነው፤ ጎታው ባዶ ሲቀር፣
እሸቱ ገና ሳር፣ ሰው ቁና ይዞ ለብድር ሲዞር፤
ይሄን ነው ወቅጬ፣ ከአጥሚት ደባልቄ
ሀዋን ያቆምኳት በእግሯ፣ አምና ተጨንቄ።
ያንተ ወረቀት ላይ የወሩ ስም አለ?»

አየሁት። «በልግ» ይላል እንጂ ሐምሌን አላለ።
የተዘራበት ወቅት አለ፣
የተበላበት ወር የለም።

ለውዝ እንዲህ ነው ለካ፤ ቢጫ አበባውን
ለፀሐይ ያሳይና፣ አጎንብሶ ፍሬውን
ሰው በማያይበት አፈር ውስጥ ያስገባል።
ከላይ ያየ ሰው ምን አውቃለሁ ይላል?

ሀዋ ከደጅ ገባች፣ ጭቃ በጉልበቷ፤
አንድ ፍሬ ሰጠችኝ፣ ፈልፍላ በጥርሷ።
ትንሽ ነው። ጠጣር ነው። አኘክሁት ቀስ ብዬ።

ማታ፣ መርሳ፣ ከአልቤርጎው መብራት ሥር ሆኜ
ከሠንጠረዡ በታች አንድ መስመር ጨመርኩ፦
«ሀዋ። ሐምሌ። ቆመች።»
«መለኪያ» የሚለውን ሣጥን
ባዶውን ተውኩት።