የሰንሰለቱ ጎን

ማዕበል አዛዥ ነኝ፤ ደሞዜ በሰዓት፣
ሥራዬ ውሃውን በቁልፍ ማስነሳት።
በኦርክኒ ደሴት፣ ከዓሣ ተራ ኋላ፣
ባሕር የሚመስል፣ ጨው የሌለው ሌላ፣
ገንዳ ተንጣሎ አለ፣ በጣሪያ ተከቶ፣
ያለ እኔ ትእዛዝ የማይነቃ ከቶ።

ዳር ላይ ሦስት ዳኞች፣ በሱፍ ብርድ ልብስ፤
ሕጉ አንድ መስመር፦ «ባንድ ቶን ብረት
ካምናው እጥፍ ኃይል።»
የቻለ ይሸለም፤ የወደቀ አይከሰስ።

ምስጢር ልንገራችሁ፦
አንዷን ማዕበል ለማስነሳት የምፈጀው መብራት
እነሱ ከሚያመነጩት ሁሉ ይበልጣል፤
አለቃዬ ሂሳቡን ባየ ቁጥር ያስለዋል።

ከፖርቶ እህትማማቾች፣ ክንፍ ያለው በር ይዘው፤
ከትሮንድሄም ሃልቮር፣ ጢሙ ገና ለጋ፣
ውሃ ሲጨምቀው የሚያፏጭ አኮርዲዮን።
የአንድ ሽማግሌ ሥራ ገና ክሬኑ ላይ ተበተነ፤
የአሥራ አራት ወር ልፋት
ጧ፣ ጧ፣ ጧ እያለ ገንዳው ውስጥ ሲወርድ
ማንም አልሳቀም።
ዳኛዋ እንኳ ብርድ ልብሷን ገልጣ ቆመች።

መጨረሻ ሜራን። ሜራን ኢዝቢስተር፣
የወደብ ተንሳፋፊ ስትበይድ፣ ጀልባ ላይ ያረጀች፤
ስለ ዲግሪዋ ቢጠይቋት
«የቱ? የሙቀቱ?» ያለች።
ጠረጴዛው ላይ ቋ! አንድ የሰንሰለት ቀለበት፣
ዛጎል የነከሰው።
«እዩት፤ ባንድ ጎኑ ነው ያለቀው።
ሁላችሁ ለሚወጣ ለሚወርድ ውሃ ትደክማላችሁ፤
ውሃ ግን ይጎትታል። ወደ ጎን።
እንደ ሕፃን ነው፣ ቀሚስ ይዞ።
ሠላሳ ዓመት ጎተተኝ፤ ዛሬ ዞር አልኩለት።»

ቁልፉን ተጫንኩ።
ቢጫው ማሽኗ ተንጋደደ፣ ዘመመ፣ ተመለሰ፤
የሰሌዳው ቁጥር እንደ ድመት ግድግዳ ወጣ፤
አንድ ደቂቃ፣ አምስት፣ አሥራ አንድ፤
እጄን አላበኝ።
በአሥራ ሁለተኛው ብሎኑ ተቆረጠ።

አራተኛ ወጣች። ገንዘቡ ለሦስት ነው።

አዳራሹ ጭር ሲል፣ መጥረጊያዬን ይዤ ስመለስ፣
አንደኛ የወጣው ሃልቮር ጠረጴዛው ጥግ ተንበርክኮ
የቀለበቱን የተበላ ጎን በአውራ ጣቱ ይዳስሳል።
«ብሎኑ ስንት ሚሊ ነበር?»
እስክሪብቶውን ቀማችው፤
ወረቀት ፈልጋ አጣች፤
የሽልማቱን ፖስታ ገልብጣ መሣል ጀመረች።

ውጭ፣ ማንም ያላዘዘው ባሕር ግድግዳውን ይመታል።
ሰዓቴ አልቋል።
«መብራቱን ላጥፋ?» አልኩ።
«ቆይ» አሉኝ፣ ሁለቱም፣ ቀና ሳይሉ።
ቆየሁ።