ዳግም

ጥንታዊ ቤት መዝግብ ተብዬ ታዝዤ፣
ደምበጫ ወረድኩኝ ደብተሬን ይዤ።
ከወፍጮ ቤት ጀርባ፣ ከባሕር ዛፉ ሥር፣
ዳጉሳ ሚሸትት የጠቆረ አጥር፤
አንጓች ብቅ አለች፣ እጇ ጭቃ ነክቶት፣
የድፍድፉን ማሰሮ አፉን ስትመርግበት።
"ግባ" አለች። "ተቀመጥ። እሳቱን አትርገጥ።
የመጣ ሁሉ ነው ቆሞ የሚያፈጥጥ።"

ጥግ ላይ ሁለት ጋሪ ነጂ ተቀምጠዋል፤
አንዱ ይከራከራል፣ አንዱ አንቀላፍቷል።
ጓሮ ጊደር ቆማ፣ አተላ ተጎንጭታ፣
አጥሩን ተደግፋ ሰው ታያለች ኮርታ።

"ሥራው የተጀመረ መቼ ነበር?" አልኳት።
"አንበጣው ዳጉሳን የፈጀው ዕለት ማግሥት።"
"ማሰሮውስ?" "ሦስቴ ተሰብሮ ተለውጧል።"
"ቧንቧው?" "ሸንበቆው ነቀዘ፤ በመዳብ ተተክቷል።"
"ጣራውስ?" "ቆርቆሮ፤ ሣሩን እሳት በላው።"
እኔም ግራ ገባኝ፤ የቱን ልመዝግበው?

ጠብ ይላል። ጠብ ይላል። በመዳቡ አንገት፣
ያ ሁሉ ድፍድፍ፣ የሳምንት ትኩሳት፣
እንፋሎት ሆነና ውሃ ውስጥ ሲበርደው፣
ዳጉሳነቱን ጥሎ ቁጣው ብቻ ሲቀረው።
"ይኼ ተራ ነው" አለች፣ "ለመንገደኛ ሰው፤
ዳግም ግን ሌላ ነው፤ ሁለቴ የሞተ ነው።"

እሷ በመለኪያ፣ እኔ በደብተሬ፣
ስንቀዳ ቆየን። ኋላ ቀና ብዬ ዞሬ፣
ግድግዳው ላይ አየሁ በከሰል የተሰመረ
ስም፣ ከስሙም ቀጥሎ መስመር የተደረደረ።
"ዕዳ ነው" አለችኝ። "ያልከፈሉኝ ናቸው።
ብዙዎቹን ደግሞ አፈር ተጫናቸው።"
"ለምን አትሰርዢም?" "ማንን ነው ምሰርዝ?
ባለዕዳ ያጣ ቤት አይደል ሚቀዘቅዝ?"

ሙጨ፣ አምስት መስመር። ሞኝሆዴ፣ ሁለት።
ደረበ፤ ስሙ ሥር ቆጠርኩኝ፣ ሰባት።
ደረበ። አባቴ። አረቄ ካለበት
ደጅ እንኳ አላርፍም ሲል የኖረ፣ ሲምልበት።
ሳቄ መጣ፤ ዓይኔም በጭሱ ረጠበ፤
ሰባት ቀን ከማን ጋር ዋልክ አንተ ደረበ?

"አፍንጫህን ሳየው ገና በር ላይ አወቅሁ፤
ደብተርህ ይለቅ ብዬ ነው የጠበቅሁ።"
ገንዘብ አወጣሁኝ። መልሳ ገፋችብኝ፤
"የእሱን እሱ ይክፈል፤ አንተ አትደርብብኝ።"

ከዚያም ከዳግሙ አንድ መለኪያ ሞላች፤
"ትከፍላለህ፣ ወይስ ልጻፍህ?" አለች።

ደብተሬን አጠፍኩት። ከምድጃው አፍ ወርጄ
ከሰል አነሳሁኝ፤ ጠቆረልኝ እጄ።

ስምንት።