አጋቲና፣ የሎሚ በረዶ ሻጯ፣ ለመርከብ ተሳፋሪ
(መሲና ወደብ)

ከመርከብ ስትወርድ አትቸኩል ወንድሜ፣
ሠላሳ ዓመት አየሁ ከዚህ ጥግ ቆሜ።
ገንዘብ መንዛሪው ፈገግ ሲል ብታይ
ጥርሱን አትቁጠር፣ ዓይንህ ይሁን ተመኑ ላይ።
ታክሲው ሃምሳ ዩሮ ካለህ ለካቴድራሉ፣
በኔ ነጠላ ጫማ አሥር ደቂቃ ነው መንገዱ በሙሉ።
እኩለ ቀን ሲሆን ከሰዓቱ ማማ
የነሐስ አንበሳ ሲያገሣ ቆመህ ስማ፤
እሱ በነጻ ነው። በቡናው ተጠንቀቅ፣
ቆመህ ጠጣው እንጂ ወንበር አትናፍቅ፤
መቀመጥም እዚህ ኪራይ አለው።

ታኦርሚናን ካሻህ ባቡር አለ፣ በርካሽ፤
ግን እንደ ሟቹ ባሌ ቀጠሮ አፍራሽ።
መርከብህ ቀጠሮ ያከብራል!
አምና አንድ ሽማግሌ እስኪደርስ ሮጦ
ጭሱ ብቻ ቀረ፣ መርከቡ አምልጦ።
ሁለት የሎሚ በረዶ አበላሁት፣
የአንዱን አስከፈልኩት።

የተረፉህ ሳንቲሞች፣ ከቱኒስ፣ ከኢዝሚር፣
እዚህ አይሠሩም፤ ና፣ ከዚህ ጠርሙስ ጨምር።
ማታ ሱቄን ዘግቼ፣ ጠረጴዛ ላይ ዘርግፌ
እጎበኛለሁ፤ እኔ ከዚህ አላውቅም አልፌ።
ኢዝሚር ከበድ ትላለች።
ቱኒስ ጠርዟ ተበልቷል፣ የብዙ ሰው እጅ ነክቷታል መሰለኝ።

ሰዓትህን እይ። ሂድ።